መዲና የተመራችው ቦታ

ሰው ሁሉ ጋሽ ዘይኑልአቢዲንን በደግ ያነሳቸዋል። እኔም በደግ አነሳቸዋለሁ፤ ግን እየተናደድኩ ነው። ለሰው ሁሉ መንገድ ሲያሳዩ ኖረው ራሳቸው ገደል የገቡ ሰው ናቸው። ንዴቴ ግማሹ በሳቸው ነው፣ ግማሹ በራሴ፤ ሌላም ግማሽ ካለ እሱ በመሥሪያ ቤቴ ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ የቤትና የቦታ ጉዳይ በሚታይበት አንድ የመንግሥት ቢሮ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። የቢሮውን ስም አልጠራም፤ ጡረታ የምበላው ከዚያው ነው። ሥራዬ ማመልከቻ በመስኮት መቀበል፣ ቁጥር መስጠት፣ ማኅተም መምታትና ፋይሉን ወደ ውስጥ መላክ ነበር። ጋሽ ዘይኑ ደግሞ ከመስኮቴ ፊት ለፊት፣ ከአጥሩ ውጭ፣ ግራር ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋሉ። በጃንሆይ ጊዜ ደሴ ውስጥ ነገረ ፈጅ ነበሩ። አብዮቱ መጥቶ ባለመሬቱና ነጋዴው ሲወድቅ የሳቸውም ደንበኛ አብሮ ወደቀና ኑሯቸው ብዕርና ካርቦን ወረቀት ሆኖ ቀረ።

በ1967 የወጣው የትርፍ ቤት አዋጅ አንድ ቤተሰብ ከአንድ ቤት በላይ እንዳይኖረው ከልክሎ ነበር። ትርፍ የተባለውን መንግሥት ወረሰው። በ1975 ደግሞ እኛ ከተማ ከአስፋልቱ በታች ያለው ሰፈር ለአዲስ መንገድና ለፋብሪካ ሠራተኞች መኖሪያ ይፈለጋል ተባለና እንዲፈርስ ተወሰነ። የራሱ ቤት ያለው ሰው ምትክ ቦታና የቤቱ ግምት ይሰጠዋል። ሌላ ቦታ ሁለተኛ ቤት እንዳለው የተደረሰበት ሰው ግን የሚፈርስበት ቤት እንደ ትርፍ ይቆጠርና ባዶ እጁን ይወጣል። ይኼን የሰማ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ግራሯ ሥር ተሰለፈ።

የጋሽ ዘይኑ አሠራር አንዳንዴ ያስቀኛል፣ አብዛኛውን ጊዜ ያናድደኛል። ቤቱን ሳያዩ አይጽፉም። ባለጉዳዩን አስከትለው ይሄዱና በእግራቸው ከጥግ እስከ ጥግ ይለካሉ፣ ጉድጓዱን ያያሉ፣ የጓሮውን ዛፍ ይቆጥራሉ። ተመልሰው ይጽፋሉ፣ ጮክ ብለው ያነቡለታል፣ በመጨረሻም ያስምሉታል። እስላሙን «ወላሂ በል»፣ ክርስቲያኑን «በማርያም በል» ይሉታል። አልምልም ያለ ማመልከቻው አይሰጠውም። እኔ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ሲደርስ እያየሁ ከመስኮት እጮሃለሁ፤ እሳቸው ያስምላሉ። አንድ ቀን «ጋሽ ዘይኑ፣ እኔ ጴንጤ ነኝ፣ እምነቴ አትማሉ ይላል፤ እኔ ባለጉዳይ ብሆን ምን ሊያደርጉኝ ነው?» አልኳቸው።

«አንቺንማ ዓይንሽን አያለሁ» አሉኝ። «እቴነሽ፣ እነዚህ ሰዎች አቅም የላቸውም። ባለሥልጣን ቢዋሽ ማን ይነካዋል? ድሀ አንዴ ሲዋሽ ከተያዘ ግን እውነቱም አብሮ ይጣልበታል።»

እውነታቸውን ነበር። የሳቸው እጅ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ሲገባ አለቆቼ ብዙ አይጠራጠሩም። ለአንድ ሽማግሌ ግምት ላይ የተዘለሉባቸውን አራት የፓፓያ ዛፎች አስመልሰውላቸዋል። ሽማግሌው የመጀመሪያውን ፓፓያ ለእኔ አምጥተው ነበር፤ ደንብ አይፈቅድም ብዬ መለስኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የጋሽ ዘይኑ ባለቤት መዲና ጎረቤቴ ነበረች። በዕድሜ ብትበልጠኝም አንቺ እንድላት ያዘዘችኝ እሷው ናት። የሚፈርሰው ሰፈር ውስጥ ያለውን ቤቷን የሠራችው ራሷ ናት። ከሐርቡ ሎሚና ሽንኩርት እያስጫነች ደሴ ሰኞ ገበያ ስትሸጥ አሥራ ሁለት ዓመት ተመላልሳ ነው የጨረሰችው። የጣሪያው ቆርቆሮ ሠላሳ ስድስት ነበር፤ የትኛው በየትኛው ዓመት እንደተገዛ ትነግርሃለች። ግብሩም ካርታውም በስሟ ነው። ጋሽ ዘይኑ ደግሞ ደሴ ሆጤ ውስጥ ካባታቸው የወረሱት ቤት ነበራቸው። እዚያ ባሏ የሞተባት እህታቸው ኡሙሰልማ አምስት ልጆች ይዛ ትኖርበታለች፤ የግብሩ ደረሰኝ ግን በሳቸው ስም ነው።

አዋጁ ሲወጣ ባልና ሚስት ሁለት ቤት ሆነባቸው። ቤት መሸጥና ስም ማዛወር ተከልክሏል። አንዱ መወረሱ ነው። ያኔ ነው እንግዲህ፣ ሰው ሁሉ እንዳይዋሽ የሚያስምሉት ሰው አንድ ውሸት የጻፉት። «ዘይኑልአቢዲንና መዲና ተፋተዋል» የሚል ወረቀት ጻፉ፤ ቀኑንም አዋጁ ከመውጣቱ በፊት አደረጉት። በወረቀቱ ሁለቱ ሁለት ሰው ሆኑ፣ ለሁለት ሰው ሁለት ቤት ተመዘገበ። የሰፈሩ ሼህ ሰይድ ሲሰሙ ተቆጡ። «ፍቺ በቀልድም ቢሉት ፍቺ ነው» ብለው በሁለት ምስክር ፊት መልሰው አገናኟቸው። ስለዚህ በአላህ ዘንድ ባልና ሚስት፣ በመንግሥት ዘንድ ፈት ሆነው ስምንት ዓመት ኖሩ። ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ ትንፍሽ ያለ ግን አልነበረም።

ኑሮው ግን ለመዲና ቀላል አልነበረም። የቀበሌው ሱቅ ስኳር የሚሰጣት ለአንድ ሰው ነው። ጋሽ ዘይኑ ሻይ በሦስት ማንኪያ ነው የሚጠጡት፤ እሷ በጨው ትጠጣለች። የሴቶች ማኅበር መዝገብ ላይ «ፈት» ተብላ ተጽፋለች። እናቷ ሐርቡ ውስጥ ስትሞት ከእኛ ቀበሌ የመጡ ለቀስተኞች ስለነበሩ ጋሽ ዘይኑ ከአማቾቻቸው ጋር አልተቀመጡም፣ እንደ ሩቅ ሰው ጥግ ይዘው ዋሉ። ይኼን የነገረችኝ ልብስ እያሰጣች ነው፤ ፊቷን ወደኔ አላዞረችም።

ሁለት ቤት ያለው ማን እንደሆነ የሚያጣራው ኮሚቴ ሰፈሩን ሲዞር እኔ መዝገብ ይዤ ተከትዬ ነበር። ሰብሳቢው ጓድ ዓለማየሁ ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም። ጉቦ አይበላም፣ አይሳደብም፣ ሰው ቤት ሲገባ ጫማውን ያወልቃል። ደንብ ካለ ግን እናቱንም ቢሆን ከቤት ያስወጣል። መዲና በር ላይ ሌላ ጥንድ ጫማ አየ።

«ይህ የወንድ ጫማ የማነው?»

«የደባሌ» አለች መዲና።

«ደባልሽ ማን ይባላል?»

«ዘይኑልአቢዲን።»

«የድሮ ባልሽ?»

«ማደሪያ አጣ፤ ጥግ ሰጠሁት። ሰው አይደል?»

ጓድ ዓለማየሁ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ መዝገቤን ተቀብሎ «ባልና ሚስት መሆን አለመሆናቸው በቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ይጣራ፣ ባለይዞታዋም እንደ እምነቷ ምላ ታስረዳ» ብሎ ጻፈበት። ሸንጎውን የሚመራውም ራሱ ነው።

መጥሪያው በእኛ መዝገብ ቤት አለፈ፤ ያደረስኩትም እኔ ነኝ። ከሥራ እንደወጣሁ ተመልሼ ሄድኩ። ሼህ ሰይድ ተቀምጠዋል፤ መዲና ነች ያስጠራቻቸው። ጋሽ ዘይኑ መጥሪያውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ቀላል ነው» አሉ። «የፍቺው ወረቀት አለ። ነገ ‹ባሌ አይደለም› ትያለሽ፣ አለቀ።»

«ምዬ?» አለች መዲና።

«ምለሽ።»

«በቁርኣን?»

መጥሪያውን አጣጥፈው አጠገባቸው አኖሩት።

«አንቱ ለአራት ፓፓያ ሽማግሌ ሲያስምሉ የኖሩ ሰው፣ እኔን በውሸት ማይ ይሉኛል?»

«መዲና፣ ቤቱ ይሄዳል እኮ!»

«አይሄድም! በወገቤ ነው የሠራሁት።»

«እንግዲያው እውነቱን ልናገርና ሆጤን ልልቀቅ። ለዋሸሁትም ይሰሩኝ።»

«ኡሙሰልማ አምስት ልጅ ይዛ የት ትግባ? አንቱስ ቢታሰሩ ለማን ይበጃል? እሱን እሺ አልልም።»

ጋሽ ዘይኑ ወደ ሼህ ሰይድ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። የማያውቁት ነገር ሲገጥማቸው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ታዲያ ምን ይሻላል?» አሉ።

«ይፍቱኝ» አለች። «አሁን፣ ሼህ ባሉበት፣ ከልብዎ ይፍቱኝ። ነገ በእውነት እምላለሁ።»

ሼህ ሰይድ እጃቸውን አነሱ። «ልጆቼ፣ ይኼ ጨዋታ አይደለም። አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። ዘይኑ፣ ስማኝ። ከፈታሃት ቀን ጀምሮ ሌላ ባል ሳታገባ ሦስት ወር ዒዳ ትቆያለች። በሦስት ወሩ ውስጥ ‹መልሻታለሁ› ካልክ በቃልህ ብቻ ሚስትህ ናት። ሦስት ወሩ ካለፈ ግን እንደ ባዳ ሰው ጠይቀህ፣ እሷ ከፈቀደች፣ በአዲስ ኒካሕ ነው የምታገባት።»

«ሦስት ወር ብዙ ነው» አሉ ጋሽ ዘይኑ፤ ፊታቸው ሲፈካ አየሁት። «ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ካርታ በሠላሳ ቀን ይወጣል ይላል ደንቡ። ካርታው እንደወጣ እመልሳታለሁ።»

እኔም በሠላሳ ቀን ይወጣል ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ምነው አንገቴ በተሰበረ!

ፈቷት። ቃሉን ሲናገሩ ጥርት ባለ ድምፅ ነበር፣ ልክ ማመልከቻ ለባለቤቱ እንደሚያነቡ። መዲና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ከዚያ ጫማቸውንና ብርድ ልብሳቸውን ይዘው በመጨረሻው አውቶቡስ ወደ ሆጤ፣ እህታቸው ዘንድ ወጡ።

በማግሥቱ ሸንጎው ፊት ጓድ ዓለማየሁ «እኚህ ሰው ባልሽ ናቸው ወይ?» ብሎ ጠየቃት። መዲና ተጣጥባ ነው የመጣች። ቁርኣኑን በሁለት እጇ ይዛ «ወላሂ፣ ባሌ አይደለም» አለች። ጎረቤት ሁሉ አንገቱን ደፋ፤ ዋሸች መስሎታል። እውነቱን የምናውቀው አራት ሰዎች ነበርን። ጋሽ ዘይኑ ተጠይቀው «ፈትቻታለሁ» ሲሉ ድምፃቸው ያ የትናንቱ ጥርት ያለ ድምፅ አልነበረም።

ውሳኔው በጽሑፍ ተዘጋጅቶ የደረሳቸው በአሥራ አምስተኛው ቀን ነው። «ባለይዞታዋ ፈት መሆኗ ስለተረጋገጠ ምትክ ቦታ ይሰጣት» ይላል። ጋሽ ዘይኑ ወረቀቱን እያውለበለቡ መስኮቴ ድረስ መጡ። «አሸነፍን እቴነሽ!» አሉኝ። እኔም ደስ አለኝ። ከስድስት ቀን በኋላ የመዲና ፋይል ካርታ እንዲሠራለት ወደ እኛ ቢሮ ገባና መደርደሪያዬ ላይ ተቀመጠ።

መዲና ከአስፋልቱ በላይ፣ ተዳፋት ላይ ቦታ ተመራች። በችካል ለክተው አስረከቧት። ቆርቆሮዋን አንድ ባንድ ነቅላ፣ ምስማሩን ሳይቀር አቃንታ፣ በአህያ አስጫነች። ጭቃውን የሰፈሩ ሴቶች በደቦ አቦኩላት። ጋሽ ዘይኑ አይጠጉም፤ ካርታው ሳይወጣ ኮሚቴው አብረው ቢያያቸው ሁሉም ይበላሻል። ጠዋት ከደሴ ሲወርዱ አስፋልቱ ዳር ይቆሙና ወደ ላይ ያያሉ። ማዕዘኑ አልተስተካከለም ብለው ለእኔ ይነግሩኛል፤ እኔ ለእሷ እነግራታለሁ። እሷ ደግሞ «ተስተካክሏል በያቸው» ትለኛለች።

መጀመሪያ የሰው ወሬ እየነገረችኝ ታለቅስ ነበር። ሁለተኛው ወር ላይ ማልቀሱን ተወችው። ወንበሯን ውጭ አውጥታ ስትቀመጥ፣ በሯን በፈለገችው ጊዜ ስትከፍት አያታለሁ። ጫማ የሚደብቅ የለ፣ ሰው መጣ ብሎ የሚሳቀቅ የለ። አንድ ቀን «እቴነሽ፣ ፈት ሲሉኝ ዛሬ አላመመኝም፤ እውነት ስለሆነ ነው መሰለኝ» አለችኝ። ይኼን ለጋሽ ዘይኑ አልነገርኳቸውም። መንገር ነበረብኝ።

ጋሽ ዘይኑ በየቀኑ መስኮቴ ላይ ናቸው። «ካርታው?» ይላሉ። «ነገ ይምጡ» እላለሁ። መጀመሪያ ፕላን ክፍሉ ስብሰባ ሄደ። ከስብሰባው ሲመለስ ፈራሚው አለቃ የለም። ፈራሚው ሲመጣ የካርታው ቅጽ አልቋል፤ ቅጹ ከአዲስ አበባ ይመጣል ተባለ። እኔ ፋይሉን ይዤ ገብቼ ጠረጴዛ መደብደብ እችል ነበር። ግን በዚያ ዓመት ጸሎት ቤታችን ታሽጎ በየሰው ቤት ተደብቀን ነበር የምንጸልየው፤ ስሜ አለቆቼ ዘንድ በመልካም አይነሳም። ፈራሁ። ሰው ላይ ስቆጣ የምውል ሴት፣ መቆጣት በሚገባኝ ቦታ ዝም አልኩ። የሦስት ወሩን ነገር አንድ ቀን አንስቼባቸው አላውቅም፤ ነገረ ፈጁ ይቆጥሩታል ብዬ ተውኩት።

ካርታው ወጣ። ተቀብዬ ለመዲና ያደረስኳት እኔው ነኝ። በማግሥቱ ጋሽ ዘይኑ ፀጉራቸውን ተከርክመው፣ አዲስ ሽርጥ ታጥቀው መጡ። ሼህ ሰይድን ይዘዋል። «አንቺም ነይ፤ ትወድሻለች» አሉኝ። አዲሱ ቤት ገባን። ግድግዳው ገና አልደረቀም። መዲና ውኃ አቀረበችልን፤ ከእሳቸውም ራቅ ብላ ተቀመጠች።

ጋሽ ዘይኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አልሐምዱሊላህ፣ ነገሩ አለቀ» አሉ። «አምስት ቀን ሲቀረው ደረስን። ሼህ፣ ምስክር ይሁኑ፣ መዲናን መል…»

«ቆይ ቆይ» አሉ ሼህ ሰይድ። «ምኑ ነው አምስት ቀን የቀረው? አሥር ቀን አልፏል እኮ። የመጣነው ልትጠይቃት መስሎኝ!»

«አይ፣ እኔ በሚገባ ነው የቆጠርኩ።»

«ከየት ቀን ጀመርክ?»

«ውሳኔው በጽሑፍ ከደረሰኝ ቀን።»

ሼህ ሰይድ በመገረም አዩአቸው። «ዘይኑ፣ ይኼ ይግባኝ ነው እንዴ? ዒዳ የሚቆጠረው ቃሉ ካፍህ ከወጣ ቀን ነው። ያኔውኑ ነግሬሃለሁ!»

ሠላሳ ዓመት ቀነ ገደብ ሲቆጥሩ ኖረዋል። አንድም ባለጉዳይ ይግባኝ አላለፈበትም። የይግባኝ ቀን የሚቆጠረው ወረቀቱ እጅ ሲገባ ነው፤ እጃቸው የለመደው ያንን ነበርና የትዳራቸውንም ቀን ከማኅተሙ ጀምረው ቆጠሩት። ጣቶቻቸውን እንደገና አንድ ባንድ ሲያጥፉ አየሁ። ከዚያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«እንግዲህ የሷ ፈቃድ ነው» አሉ ሼህ ሰይድ ቀስ ብለው። «መዲና፣ ምን ትያለሽ?»

መዲና የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች። እኔ በልቤ እሺ በያቸው፣ እሺ በያቸው እላለሁ።

«አልጠላሁዎትም» አለች። «አላህ ያውቃል። ግን ሸንጎ ፊት ባሌ አይደለም ብዬ ምያለሁ። እቴነሽ ነበረች። ሰፈሩ ሁሉ በውሸት ማለች አለኝ፤ እኔና አላህ እውነት መሆኑን አውቀን አልከፋኝም። ዛሬ ካርታው በወጣ ማግሥት መልሼ ባስገባዎት ያ መሐላ ምን ይሆናል? ሰፈሩ ያለው ሊሆን አይደል?»

«እኔ አስረዳለሁ፣ እኔ…»

«ምን ብለው? ደግሞ ሌላ ወረቀት ሊጽፉ?» ከተቀመጠችበት ተነሳች። «ስምንት ዓመት የአንድ ሰው ስኳር ስቀበል፣ እናቴን ያለ ባል ስቀብር፣ አንድ ቀን ‹መዲና፣ ይኼ ነገር ከብዶሻል ወይ?› ብለውኝ ያውቃሉ? ለባዳ ሰው ጓሮ ገብተው ዛፍ ይቆጥራሉ። የኔን ግን አንድ ቀን አልቆጠሩልኝም። ይሂዱልኝ።»

ጋሽ ዘይኑ አልተከራከሩም። ውኃውን ጠጥተው ጨረሱ፣ ጣሳውን ወለሉ ላይ አስቀመጡ፣ ተነሱ። በሩ ላይ ጫማቸውን ለማጥለቅ ግድግዳውን ሲደገፉ እርጥቡ ጭቃ መዳፋቸው ላይ ቀረ።

አስፋልቱ ድረስ ሸኘኋቸው። ሼህ ሰይድ ወደ ኋላ ቀርተዋል። ዳር ቆመን ወደ ደሴ የሚሄደውን አውቶቡስ ጠበቅን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እቴነሽ፣ ፋይሉ እናንተ ዘንድ ስንት ቀን ተቀመጠ?»

ቀኑን መዝግቤዋለሁ፣ ቁጥሩም የእጅ ጽሑፌ ነው። «ሰባ ስምንት ቀን» አልኳቸው።

«በደንቡ ሠላሳ አልነበር?»

«ሠላሳ ነበር፣ ጋሽ ዘይኑ» አልኩ።